መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ወደ ዓሣ ኩሬ በየት በኩል ይገባል?

«በዓሣ እርባታ ውሃ ውስጥ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። አንዴ ከእስያ፣ አንዴ ከደቡብ አሜሪካ፣ አንዴ ደግሞ ከአፍሪካ። ዜናው ባሕር ዳር ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል። «የእርባታ ዓሣ እኮ በመድኃኒት ነው የሚያድገው» ይባላል። «የጣናን ብቻ ብሉ» የሚል አለ። ከነአካቴው ዓሣ ይቅርብኝ ያለም አይጠፋም።

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ዓሣ የዘወትር ምግብና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ ነገሩን አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወሬው አንድ ነገር ስቷል። በእኛ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ገበሬ ዋና ችግሩ ጫጩት ዓሣና መኖ ማግኘት ነው። ለዓሣው አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚበትንበት አቅምም ልማድም የለውም። መድኃኒት የተላመደው ባክቴሪያ ወደ ኩሬው የሚገባው በሌላ በር ነው። ያ በር ደግሞ ከዶሮ ቤት፣ ከመድኃኒት መደብርና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር ይገናኛል።

የተላመደው ማን ነው?

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት ነው። አሞክሳሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። በቫይረስ ለሚመጣ ሕመም፣ ለምሳሌ ለጉንፋን፣ ምንም አይፈይዱም።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲባል እንሰማለን። አነጋገሩ የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው። የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ ሰውነት አይደለም። ለዚህ ነው አንድም ኪኒን ውጦ የማያውቅ ሕፃን መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊታመም የሚችለው። ባክቴሪያው የተላመደው ሌላ ሰው፣ ሌላ እንስሳ ወይም ሌላ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ.ኮላይን የመሰለ ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ሲባዛ አልፎ አልፎ የዘር መረጃው ላይ ለውጥ ይፈጠራል። አንዱ ለውጥ መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሰጠዋል። ሌላው መድኃኒቱን መልሶ ወደ ውጭ የሚተፋበት ፓምፕ ይሠራለታል። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቅርጹን ይቀይራል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ ይህኛው ይተርፋል። ቦታውም ምግቡም ለእሱ ብቻ ይቀራል።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር።

ዛሬ ጉዳቱ በቁጥር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ገምቷል።

ይህን ጉዳይ የሚያስታውሰው ዓለም አቀፍ ሳምንት በየዓመቱ ከኅዳር 9 አካባቢ ጀምሮ ይከበራል። ኅዳር 12ም እዚያው ሳምንት ውስጥ ትወድቃለች፣ ያቺ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠንባት ቀን። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በቫይረስ የመጣ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ግን በዓለም ዙሪያ ከሞተው ሰው አብዛኛውን የጨረሰው ተከትሎ የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። አንቲባዮቲክ የሌለበት ዓለም ምን እንደሚመስል የእኛ አያቶች አይተውታል።

እሳት መጫጫር

መላመድ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ቢተላለፍ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ግን ባክቴሪያዎች ከጎረቤትም ይወስዳሉ።

ብዙ ባክቴሪያዎች ከዋናው የዘር መረጃቸው ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የቀለበት ቅርጽ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው። የመላመድ ጂኖች፣ ማለትም ችሎታውን የሚሰጡት የዘር መረጃ ክፍሎች፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲነካኩ ፕላዝሚዱ ይገለበጣል፣ ቅጂው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ነገሩ ድሮ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን እሳት ከጎረቤት እንደሚጫረው ነው። የተጫረለትም ቤት እሳት ያገኛል፣ የሰጪውም ምድጃ አይጠፋም። ሰጪና ተቀባይ ደግሞ አንድ ዘር መሆን አይጠበቅባቸውም።

ይህ የታወቀው ጃፓን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት መድኃኒት ሲቋቋም ተገኘ። በ1959 ደግሞ ይህ ችሎታ ከኢ.ኮላይ ወደ ሺጌላ በንክኪ እንደሚያልፍ ተረጋገጠ። አንጀት ውስጥ ያለ ሰላማዊ ባክቴሪያ ለገዳዩ እሳት ጭሮለታል ማለት ነው።

ውሃም ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶችን የሚያዳክም አንድ ጂን ከታማሚዎች ላይ ተገኝቶ ነበር። ተመራማሪዎች ምንጩን ሲፈልጉ እ.ኤ.አ. በ2005 ሼዋኔላ የተባለ የውሃ ባክቴሪያ ላይ አገኙት። ሰውን እምብዛም የማይነካ የውሃ ባክቴሪያ የያዘው ጂን ሐኪም ቤት ደርሷል።

አንድ ኩሬ፣ ከዳሩ ዶሮ ቤት

አንድ መደበኛ የገበሬ ኩሬ ቀረብ ብለን እንይ። ውሃው ከጅረት ወይም ከመስኖ ቦይ ተጠልፎ ይገባል። ዓሣው ፉርሽካና ፋጉሎ ይበላል። ዋናው ቀለቡ ግን ውሃው ራሱ ነው። ቆሮሶ በውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ይበላል። አልጌው እንዲበቅል ደግሞ ኩሬው እንደ ማሳ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ከማዳበሪያ ሁሉ ቅርቡና ርካሹ የዶሮ ኩስ ነው። አንዳንድ ቦታ ዶሮ ቤቱ ኩሬው ዳር ወይም ከኩሬው በላይ ይሠራል፣ ኩሱም በቀጥታ ወደ ውሃው ይወርዳል።

አርቢው የውሃውን መጥገብ በእጁ ይለካል። ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ይከታል። መዳፉ ከአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ከጠፋበት ኩሬው ደርሷል። አሁንም ጥርት ብሎ ከታየው ኩስ ይጨመራል። ብልህ ዘዴ ነው። ብዙ አገር የሚሠራበት፣ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ።

አሁን ዶሮዎቹ ታመሙ እንበል። አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟቸዋል፣ በየቀኑ ይሞታሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ፈንግል ነው። አርቢው ወደ እንስሳት መድኃኒት መደብር ይሮጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ፣ ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ ዱቄት ይገዛል። ዱቄቱን ከሚጠጡት ውሃ ጋር ይበጠብጣል። ግን ፈንግል ቫይረስ ነው። ያ ዱቄት ቫይረሱን አይነካውም። ለፈንግል ያለው መላ አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው።

መድኃኒቱ ዶሮዎቹን ባያድንም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ከሚጠጡት ቴትራሳይክሊን ብዙው ክፍል በአንጀታቸው አልፎ ሳይለወጥ በኩስ ይወጣል። በአንጀታቸው ካለው ባክቴሪያም መድኃኒቱን የቻለው ተመርጦ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ኩሬው የሚወድቀው ኩስ ሁለት ነገር ይዟል፦ መድኃኒቱን ራሱንና መድኃኒቱን የተላመደውን ባክቴሪያ። ዓሣው አንድም ቀን መድኃኒት አልተሰጠውም። ኩሬው ግን ወስዷል።

ኩሬው ውስጥ ሦስት ነገር ይገጥማል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በውሃ ይቀጥናል። መቅጠኑ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ለመግደል የማይበቃ መጠን ለማላመድ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ የሚያገኘው ብርሃን ቴትራሳይክሊንን ቶሎ ይሰባብረዋል፣ ጭቃው ውስጥ የገባው ግን ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሦስተኛ፣ ከዶሮ፣ ከሰው፣ ከከብት የመጣው ባክቴሪያ ከውሃው ነባር ባክቴሪያ ጋር በድንጋዩና በጭቃው ላይ በሚያንሸራትተው ልጋግ ውስጥ አብሮ ይከርማል። ይህ ልጋግ ባዮፊልም ይባላል። እሳት መጫጫሩ የሚጦፈው እዚያ ነው።

የጣና ውሃስ?

«እንግዲያው የኩሬውን ትተን የጣናን እንብላ» ማለት ቀላል ነው። ግን ድንበሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም።

ጣና ትልቅ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት ያጠቡትን ሁሉ ይዘውለት ይገባሉ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ከብት ይሰማራል፣ ውሃው ሲመለስ እበቱ አብሮ ይገባል። ከተማው ዳር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው የባሕር ዳር ቤት የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ የሞላው ቦይ ወዴት እንደሚወርድ ነዋሪው ያውቀዋል። ሰው የወሰደው አንቲባዮቲክም እንደ ዶሮው ሁሉ በሽንትና በሰገራ ይወጣል።

በሌላ በኩል ሐይቁ ራሱን የሚያጠራበት መንገድ አለው። ስፋቱ ያቀጥናል። ፀሐዩ ያፈርሳል። ዳርቻው ላይ የቆመው ደንገልና ረግረጉ ደለልና ቆሻሻን ይይዛል። ደንገሉ ለታንኳ መሥሪያ ብቻ የሚፈለግ የሚመስለው ሰው ይህን ሥራውን አያየውም። ዳርቻው ሲታረስና ደንገሉ ሲመነጠር የምናጣው ወንፊቱን ነው።

ስለዚህ የሐይቁ መሀልና የከተማው ዳርቻ አንድ አይደሉም። ከንጹሕ ምንጭ የሚሞላ ኩሬና ከከተማ ቦይ የሚሞላ ኩሬም እንደዚሁ። ወሳኙ «የኩሬ» ወይም «የሐይቅ» የሚለው ስም ሳይሆን ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው።

የኖርዌይና የቺሊ መንገድ

ዜናዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ከእኛ ስለሚለይ እርባታ ነው። በባሕር ውስጥ በተዘረጋ መረብ በአንድ ቦታ ብዙ ሺህ ዓሣ ይታጨቃል። በሽታ ሲነሣ መድኃኒት ከመኖ ጋር ይሰጣል። የታመመ ዓሣ ግን መጀመሪያ የሚያቆመው መብላት ነው። መድኃኒቱን የሚበላው ጤነኛው ይሆናል፣ የተረፈው ውሃው ውስጥ ይሰምጣል።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልሞን እርባታ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። ከዚያ ለዓሣው በሽታ ክትባት ወጣ። ዛሬ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን እያመረተች የምትጠቀመው አንቲባዮቲክ ከ1 ቶን በታች ነው። ቺሊም ሳልሞን ታረባለች። እሷን ያስቸገራት በሽታ ግን ክትባቱ በደንብ የማይዘው ሆኖ አሁንም በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ትጠቀማለች።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱን የቀነሰው ለአርቢዎች የተሰበከ ስብከት አልነበረም። የሚሠራ ክትባት ሲገኝ መድኃኒቱ ራሱ አላስፈለገም። ለእኛ ኩሬ ይህ ማለት የዓሣ ክትባት አይደለም። የዶሮው የፈንግል ክትባት በጊዜው ገበሬው እጅ ይግባ ማለት ነው። ለኩሬው ውሃ ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ርካሽ እርምጃ ለመጥቀስ ይከብዳል።

ባለሙያዎች የሚለያዩበት

መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በዓሣ እርባታ ውሃ ውስጥ መኖሩ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሰውን የሚያሳምመው ስንቱ ከዚያ ይመጣል የሚለው ነው።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ዋናው ምንጭ ሆስፒታልና ሰው ራሱ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ግማሹ ተውጦ ግማሹ ለጎረቤት የሚሰጥ መድኃኒት ከዓሣ ኩሬ ይልቅ ብዙ ይጎዳል። የዓሣ ባክቴሪያ በቀዝቃዛ ደም ውስጥ የለመደ ስለሆነ በሰው ሰውነት ሙቀት ሁሉም አይመቸውም። በትንሽ ኩሬ ላይ መጮህ ትልቁን ጉዳይ ይጋርዳል።

ሌላው ወገን ደግሞ ባክቴሪያውን ሳይሆን ጂኑን ተመልከቱ ይላል። የዓሣው ባክቴሪያ ሰው ውስጥ መኖር ባይችል እንኳ ጂኑን ለሚችል ባክቴሪያ ማቀበል ይችላል። ኩሬው መቀላቀያ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ጉዳት ከዓመታት በኋላ ሐኪም ቤት ውስጥ ስለሚታይ መነሻውን የሚያስታውሰው የለም።

በእኔ ግምት ጣና ዳር ሁለቱ ክርክሮች ይገናኛሉ። እዚህ ኩሬው የችግሩ ምንጭ ሳይሆን መሰብሰቢያው ነው። ሰው፣ ዶሮና ከብት የወሰዱት መድኃኒት ተጠራቅሞ የሚታይበት ቦታ ነው። አርቢውን ብቻ ማሳደድ ለውጥ አያመጣም። የአርቢውን ኩሬ ውሃ መመርመር ግን ከላይ ያለው መንደር በመድኃኒት ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል።

ችግሩን የሚያከብደው ሥራው በየቢሮው መከፋፈሉ ነው። የሰው መድኃኒትን አንድ መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራል፣ የእንስሳትን ሌላ፣ ውሃውን ሦስተኛ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ለ2021–2025 ያወጣችው የመከላከያ ዕቅድ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ ለማየት «አንድ ጤና» የሚለውን አካሄድ የያዘው ለዚህ ነው። ትክክለኛ አካሄድ ነው። ኩሬው ግን ዕቅድ አያነብም፤ መለካት አለበት።

«ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ምርመራው ለዓይን ቀላል ነው። የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ይፈስሳል። ከውሃው የተለየው ባክቴሪያ እላዩ ላይ ይቀባል። ከዚያ መድኃኒት የጠጡ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። ሳህኑ በሰውነት ሙቀት ያድራል። በማግስቱ ባክቴሪያው እንደ ስስ አይብ ሳህኑን ሸፍኖታል። መድኃኒቱ በሠራበት ወረቀት ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ባልሠራበት ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሏል።

ዜና ስናነብ የትኛው ባክቴሪያ፣ በየትኛው መድኃኒት ላይ ብለን እንጠይቅ። ለምሳሌ ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በጨው አልባ ውሃ ሁሉ አለ፣ ዓሣንም ያሳምማል። አብዛኛው የኤሮሞናስ ዝርያ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ማንም መድኃኒት ባልደረሰበት ምንጭ ውስጥም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ከኩሬው የተገኘው ኤሮሞናስ በአምፒሲሊን አልሞተም» የሚል ዜና የሚያስደነግጥ አይደለም። ከኩሬው የተገኘው ኢ.ኮላይ ሦስትና ከዚያ በላይ የመድኃኒት ወገኖችን ተቋቋመ ከተባለ ግን ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። ኢ.ኮላይ የውሃ ተወላጅ አይደለም፣ ከአንጀት የመጣ ነው። ከነመድኃኒቱ ታሪክ ነው የመጣው።

ሌላም አለ። ወደ ኩሬው የሚገባው ውሃ ተመርምሯል ወይ? የሚገባውና የሚወጣው ጎን ለጎን ካልታየ ጥፋቱ የኩሬው ነው ወይስ የጅረቱ ለማለት አይቻልም።

ዓሣው ይበላል?

ይበላል። በደንብ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ዓሣ ላይ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መድኃኒት የተላመደውም ያልተላመደውም። መላመድ ከእሳት አያድንም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከምጣዱ በፊት ያለው ነው። ዓሣ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ ከተከተፈበት መጥበሱ ምንም አይጠቅምም። የዓሣ ክትፎና ዱለት ለሚወድ ሰው ደግሞ እሳቱን በርታ ማድረግ ይበጃል።

ከበላተኛው ይልቅ ለአደጋ የቀረበው ዓሣውን የሚያጸዳው ሰው ነው። የቆሮሶ ክንፍ እሾህ አለው፤ የአምባዛም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዘው ዓሣ የሚበልቱ ወጣቶች እጃቸው ጭረት አያጣውም። በጭረቱ የገባ ባክቴሪያ እጅ ያሳብጣል። ቁስሉ በተለመደው ኪኒን አልሻል ካለ ለሐኪሙ «ዓሣ ስበልት ነው የወጋኝ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚጠረጥር ያውቃል።

ከነአካቴው ዓሣ መተውም ዋጋ አለው። የጣና ነጭ ዓሣ ሌላ የትም ዓለም የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው። ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጣ፣ ወንዞቹ ሐይቁን በሚቀላቀሉበት አፍ ላይ በመረብ እየተያዘ ቁጥሩ እጅግ ወርዷል። ኩሬ የሚያረባ ገበሬ ገበያ ካጣ ጫናው መልሶ ሐይቁ ላይ ነው የሚያርፈው።

አርቢው ዛሬ የሚችለው

ዶሮ መድኃኒት እየጠጣ ባለበት ሰሞን ኩሱን ወደ ኩሬ አለማስገባት። ኩሱን ትኩሱን ከመበተን ቆልሎ ማብላላት። በትክክል የተቆለለ ኩስ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ብዙ ባክቴሪያ በዚያ ያልቃል፣ የመድኃኒቱም መጠን ይቀንሳል። ጂኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። ዶሮ ቤቱንም ከኩሬው ፈንጠር ማድረግ ምርጫ ይሰጣል። ከላዩ የተሠራ ዶሮ ቤት ግን ጤነኛውንም የታመመውንም እኩል ያወርዳል።

ብዙ የማይነገርለት ኩሬው የሚፈስበት ቀን ነው። ዓሣው ደርሶ ሲወጣ ውሃው ይለቀቃል፣ ታች የከረመው ጭቃ ይወጣል። የወራቱ ሁሉ መድኃኒትና ባክቴሪያ የተጠራቀመው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ለምለም ስለሆነ ለጓሮ አትክልት ይፈለጋል። በቆሎና ጤፍ ማሳ ላይ ቢሄድ ይሻላል፣ እህሉ በእሳት አልፎ ነውና የሚበላው። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ግን አይሁን። ውሃውም በአንድ ጊዜ ወደ ጅረቱ ከሚደፋ ሣር ወይም ደንገል በበቀለበት ረግረግ ላይ ቀስ ብሎ ቢያልፍ ብዙውን እዚያ ያስቀራል። ከታች በኩል ጀሪካን ይዞ የሚቀዳ ጎረቤት ካለ ደግሞ ቀኑ አስቀድሞ ይነገረው።